ህንድን ማጥናት ሲባል በትክክል ምንድነው የሚጠናው? ማስተርስ አስቤ ነበር

ማራኪ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ እስኪ የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። የተመረቅኩት በሶሺዮሎጂ ነው እዚሁ ጎንደር ማራኪ ግቢ፣ ኤግዚት ኤግዛሙንም አልፌያለሁ፣ ሥራ እስኪገኝ እያልኩ ማስተርስ ስፈልግ የህንድን ባህልና ማህበረሰብ በአንድ ፕሮግራም የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች እንዳሉ አየሁ። ታሪክ አለው፣ ሃይማኖት አለው፣ ቋንቋ አለው፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚ አለው፣ ሲኒማ ሳይቀር አለው። አንዱን ኮርስ የታሪክ ሰው ያስተምርሻል ሌላውን የኢኮኖሚክስ ሰው፣ ከዛ መመረቂያ ጽሁፍሽን ሁለት ሶስቱን አገናኝተሽ ትሰሪያለሽ ነው የሚለው።

ቤት ስናገር ጉድ ፈላ። እማዬ ዳንስ ልማር የምሄድ ነው የመሰላት። አጎቴ ደግሞ «ህንድ የሚኬደው ለልብ ኦፕሬሽን ነው፣ ጤነኛ ሰው እዛ ምን ይሰራል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እነሱስ ይሁን፣ የከበደኝ አንድ መምህሬ ያሉኝ ነው፣ በጣም የማከብራቸው ሰው ናቸው፣ «ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀምሰሽ ትመጫለሽ፣ የምንድነሽ ባለሙያ ሲሉሽ ግን መልስ አይኖርሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው እንዴ?

ለምን ህንድ ለምትሉኝ፣ አልዋሽም በህንድ ፊልም ነው ያደግኩት፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር። ግን እሱ አይደለም። ሶሻል ስትራቲፊኬሽን ስንማር የካስት ጉዳይ፣ ያ ህንድ ውስጥ ሰው በውልደቱ የሚወርሰው የማህበረሰብ ደረጃ፣ ሁለት ገጽ ሃንድአውት ነበር፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተሸፍኖ ታለፈ፣ እኔን ግን እስካሁን አላለፈኝም፣ እዚህ እኛ ጋር የማውቀውን ነገር ነው የመሰለኝ። ቁምነገር ያለው መልስ ስጡኝ፣ «ሳሪ ይዘሽልን ነይ» የምትሉ እባካችሁ እለፉኝ።


ከዴልሂ የተመለሰ፦

እህቴ እኔ ሶሺዮሎጂ ዴልሂ ነው የተማርኩት፣ አሁን እዚሁ ከተማ አስተምራለሁ። ረዘም ይላል ታገሺኝ፣ ዓመቶቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ማስታወቂያ ላይ የማይጻፈውን ላስቀድምልሽ፣ እዛው ህንድ ውስጥ «የህንድ ጥናት» ብሎ ራሱን የቻለ ዲፓርትመንት ብዙም አታገኚም። እዛ ሶሺዮሎጂ የሚማር ሰው የሚማረው ስለ ህንድ ነው፣ ታሪክም ቢማር ፖለቲካል ሳይንስም ቢማር እንደዛው፣ አገሩ ነዋ። ሁሉን ሰብስቦ «ደቡብ እስያ» የሚል ታፔላ የለጠፈበት የውጭው ዓለም ነው። ጀርመን ሃይደልበርግ ከ1962 ጀምሮ ቋንቋውን፣ ታሪኩን፣ ጂኦግራፊውን፣ ኢኮኖሚውን በአንድ ኢንስቲትዩት ይዞ አለ። አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ1948 ጀመረ፣ ከዛ ሶቪየቶች ስፑትኒክ የሚባለውን ሳተላይት አምጥቀው ሲያስደነግጧቸው በ1958 ባወጡት የትምህርት ህግ ለውጭ ቋንቋና ለየአገሩ ጥናት ብር ፈሰሰ። በጣም የሚገርመኝ የስንዴው ነገር ነው፣ አሜሪካ ለህንድ ስንዴ ስትሸጥ ክፍያውን በሩፒ ነበር የምትቀበለው፣ ያ ሩፒ እዛው ተከማችቶ ሲቀር ከ1962 ጀምሮ የህንድ መጽሐፍ እየገዙበት ለዩኒቨርሲቲ ላይብረሪዎቻቸው ላኩት። ዛሬ ቺካጎም በርክሌይም ያለ ተማሪ የሚያነበው የታሚልና የቤንጋሊ መጽሐፍ ብዙው በስንዴ ገንዘብ የተገዛ ነው። እኛ ከስንዴው የምናስታውሰው ጆንያውን ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትወስኚው ፕሮግራሙን ሳይሆን የት ሆነሽ ህንድን እንደምታዪ ነው። ውጭ ከሄድሽ ሰፊ ነገር ታያለሽ ቋንቋም ያስተምሩሻል ግን ሰዉ የለም። ህንድ ከሄድሽ ሰዉ አለ፣ ክፍል ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠችው ልጅ ራሷ ሃንድአውቱ ላይ ያለው ነገር ናት፣ ግን ዲግሪሽ ላይ የሚጻፈው ሶሺዮሎጂ ወይ ታሪክ ነው። ለእኔ ሁለተኛው ይሻላል።

ወደ መምህርሽ ልምጣ። ሰውየው ግማሹን ልክ ናቸው። ኮሳምቢ የሚባል ህንዳዊ ነበር፣ ሙያው ሂሳብ ነው፣ በሂሳቡ የታወቀ ሰው። የጥንት የብር ሳንቲሞችን ሰብስቦ በሚዛን መመዘን ጀመረ፣ ምክንያቱም ሳንቲም ከእጅ እጅ ሲዘዋወር እያለቀ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ብዙ ሳንቲም መዝነሽ በስታቲስቲክስ ካሰላሽው የትኛው ብዙ እንደተዘዋወረ የትኛው እንደሚቀድም ታውቂያለሽ። ከዛ ሳንስክሪቱን፣ የህንድን ጥንታዊ ቋንቋ፣ ራሱ አነበበ፣ ገጠር ለገጠር እየዞረ የአማልክት ድንጋዮችን አየ፣ በ1956 ያሳተመው የህንድ ታሪክ መጽሐፍ ከእሱ በኋላ የመጡትን የታሪክ ሰዎች አካሄድ ቀየረ። ልብ በይ፣ ሂሳቡን በደንብ ባይችል ሳንቲሙ በእጁ ላይ ሳንቲም ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። አንድ ሙያ ይዞ የሄደ ሰው ነው ድንበር የተሻገረው፣ አንቺም ሶሺዮሎጂሽን ይዘሽ ነው የምትሻገሪው እንጂ ጥለሽው አይደለም።

ደግሞ አንዳንድ ጥያቄ አለ በአንድ ትምህርት የማይመለስ። ለኛ አገር ሰው የሚቀርበውን ልጥራልሽ፣ ክልልን በቋንቋ ማካለል። ህንድ ነጻ ስትወጣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩ በቋንቋ መከፋፈሉን አልወደደውም፣ አገሪቱ ገና በሃይማኖት ተከፍላ ደሟ አልደረቀም ነበር። ፖቲ ሽሪራሙሉ የሚባል የጋንዲ ተከታይ ለቴሉጉ ተናጋሪዎች የራሳቸው ክልል ይሰጥ ብሎ ምግብ አቆመ፣ ዲሴምበር 1952 ሞተ፣ ረብሻው ሲበረታ በ1953 አንድራ ተፈጠረች፣ በ1956 ደግሞ የአገሪቱ ካርታ በሰፊው በቋንቋ ተሰራ። ቦምቤ ላይ ማራቲ ተናጋሪውና ጉጃራቲ ተናጋሪው «ከተማዋ የማን ናት» ብለው ተፋጩ፣ ሰው ሞተበት፣ በ1960 ክልሉ ለሁለት ሲከፈል ከተማዋ ለማሃራሽትራ ደረሰች። (ስለ የትኛው ከተማ እያሰባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እዚህ ፎረም ላይ ግን አንጀምረውም።) ከዛ በኋላ ነገሩ አበቃ? በ2014 ቴላንጋና ከአንድራ ወጣች፣ ሁለቱም ቴሉጉ ነው የሚናገሩት! ቋንቋ አንድ ሆኖ ለምን ተለያዩ ስትይ መስኖ ውሃ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ የመንግሥት ሥራ ቅጥር ውስጥ ትገቢያለሽ፣ አንዱ በኒዛሙ (በሃይደራባዱ ገዢ) ሌላው በእንግሊዝ ስር የነበረበት ታሪክ ውስጥ ትገቢያለሽ። የፖለቲካ ሳይንስ ሰው ብቻውን አይፈታውም፣ የቋንቋ ሰውም ብቻውን አይፈታውም። ኢንተርዲሲፕሊነሪ (ብዙ ሙያ ማገናኘት) የሚሉት ይሄ ሲሆን ነው ትርጉም ያለው፣ ያለበለዚያ ዮጋና ቦሊውድ በአንድ ሴሚስተር ነው።


ግንብ ስር፦

እህታለም እኔ ዲግሪ የለኝም አስጎብኚ ነኝ፣ ማለት ነበርኩ፣ አሁን ቱሪስቱም ያው እንደምታውቁት ነው። ግን ይሄን ነገር ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም ምክንያቱም ህንድ እዚሁ ፋሲል ግቢ ውስጥ አለ።

ህንዶች ሲመጡ ሳስጎበኝ አንዳንዶቹ ጉልላቱን አይተው «ይሄማ የኛ ነው» ይላሉ። ፖርቹጋሎች ሲመጡ ደግሞ እነሱም የኛ ነው ይላሉ፣ ሃበሻው ደግሞ የሁለቱንም ስም ስታነሺ ይቆጣል። እኔ የምነግራቸው ያነበብኩትን ነው። አጼ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ካባረሩ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው አዞሩ፣ የየመኑ ኢማም መልእክተኛ ሐሰን አል ሃይሚ በ1648 ጎንደር መጥቶ ግንቡን በአይኑ አይቶ በጣም አደነቀ፣ የሰራውም ህንዳዊ ነው ብሎ በአረብኛ ጽፎ ተወ። ይሄ እንግዲህ የአይን ምስክር ነው፣ ከተማው ከተቆረቆረ ገና 12 ዓመቱ።

ግን በዚህ አያልቅም። ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው ወደዚህ ይመጡ የነበረው ከጎዋ ነው፣ ጎዋ ደግሞ ህንድ ነው። በኖራ መገንባት እዚህ አካባቢ የተጀመረው በአጼ ሱስንዮስ ጊዜ ነው፣ ከፋሲል በፊት፣ ዳንቀዝ ሄደሽ ፍርስራሹን ማየት ትችያለሽ። ስለዚህ «ፖርቹጋል» ያልነው ግማሹ ህንድ የደረሰ ፖርቹጋል ነው፣ «ህንድ» ያልነው ደግሞ ሙስሊም ግንበኛ ሊሆን ይችላል፣ ድንጋዩን የጠረበውና ኖራውን ያቃጠለው ጉልበት ደግሞ ከዚሁ አገር ሌላ ከየት ይመጣል። እና ይሄን ለመጨረስ አረብኛ የሚያነብ፣ ፖርቹጋልኛ የሚያነብ፣ ግዕዝ ዜና መዋዕል የሚያነብ፣ አርክቴክት፣ ኖራውን ላብራቶሪ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል፣ አምስቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ እኔ እድሜ ልኬን ግቢው በር ላይ ከቱሪስት ጋር ስከራከር እኖራለሁ። ዩኔስኮ ከመዘገበው ከ1979 ጀምሮ ስንት ጥናት ተሰርቷል፣ ግን ህንድን በደንብ የሚያውቅ ከዚህ ከተማ የወጣ ሰው አላጋጠመኝም። ሂጂ ባይ ነኝ።


የአዘዞው፦

ይሄ ሁሉ ታሪክ ጥሩ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ጥያቄው ግን ስትመለስ ማን ይቀጥራታል ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የህንድ ማህበረሰብ ባለሙያ፣ ብዛት 1፣ ልምድ 0 ዓመት» የሚል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በሂስትሪ ተመርቄ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ማንንም ማሳነሴ አይደለም ባጃጁም እንጀራ ነው፣ ግን ልጅቷን አየር ላይ አታንሳፏት። ህንድ የሚኬድ ከሆነ አይቲ ትማር፣ ፋርማሲ ትማር። ህንዶቹስ ራሳቸው ልጆቻቸውን ኢንጂነሪንግና ሜዲስን አይደል የሚልኩት?


ከዴልሂ የተመለሰ፦

@የአዘዞው ወንድሜ የመጨረሻዋ ትክክል ናት፣ እዛም ቤተሰቡ ያው የኛ ቤተሰብ ነው፣ ልጁ ሂስትሪ ልማር ሲል እናት ታለቅሳለች። ሥራም ቀላል ነው አልልም። ግን «ህንድን አጥንቶ ምን ይጠቅማል» ላልከው አንድ ሰው ልጥቀስልህ፣ አማርትያ ሴን።

ሴን ልጅ ሆኖ የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ በአይኑ አይቷል፣ ሁለት ሶስት ሚሊዮን ሰው ነው የሞተበት። ካደገ በኋላ ኢኮኖሚስት ሆኖ መረጃውን አገላብጦ ሲያየው የዛን ዓመት እህል ያን ያህል አልጎደለም፣ የጎደለው የሰው መግዣ አቅም ነው፣ የሩዝ ዋጋ ሲሰቀል የቀን ሰራተኛው ምንዳ ባለበት ቀረ፣ ዓሣ አስጋሪውና ሰራተኛው አለቀ ካልካታ ያለው ደሞዝተኛ ግን በላ። በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከቤንጋል ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ የማን ይመስልሃል? የኛ ነው። የወሎው ረሃብ፣ ያ ጃንሆይን ይዞ የወረደው። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፣ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ሲወጣም ነበር፣ ምክንያቱም ሰብሉ የጠፋበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አፋር ገበያ ቆሞ ቢያይም መግዣ የለውም። እህል ገንዘብ ወዳለበት ሄደ።

ይሄን ያገኘው በኢኮኖሚክስ ብቻ አይደለም፣ የትኛው ሙያ ያለው ሰው ነው የሞተው ብሎ መቁጠር፣ የመንግሥት ሪፖርትን በጥርጣሬ ማንበብ፣ መሬቱን ማን ነው የያዘው ብሎ መጠየቅ አለበት። ዛሬ በምግብ ዋስትና ላይ የሚሰራ ኤንጂኦ ሁሉ «አቅርቦት» እና «የማግኘት አቅም» ብሎ ለይቶ የሚጽፈው ከዚህ የመጣ ነው፣ ሰውየው በ1998 ኖቤል ወሰደ። እና ቤንጋልንና ወሎን ጎን ለጎን ማንበብ የሚችል የጎንደር ልጅ ሥራ አያጣም፣ ቢያንስ ፕሮፖዛሉን ከሌላው አሳምሮ ይጽፋል።

አይቲ ትማር ላልከው መልስ የለኝም፣ የማትወደውን ተምራ የተሳካላት ካለች ደስ ይለኛል።


ዘቁስቋም፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቅኔ ቤት የቆየሁ ነኝ አሁን ደግሞ ማታ ማታ ዲግሪ እማራለሁ። ህንድን ሩቅ አድርጋችሁ ስታወሩ ገርሞኝ ነው። በረላም ወይዋስፍ የሚባለውን መጽሐፍ ከናንተ ውስጥ ያየ አለ? ንጉሡ ልጁን ሕመምና ሞት እንዳያይ ግቢ ውስጥ ዘግቶ ያሳድገዋል፣ ልጁ አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፣ ልቡ ይናወጣል፣ መናኝ መጥቶ ያስተምረዋል፣ በመጨረሻ ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ይሄ የቡድሃ ታሪክ ነው! ከህንድ ተነስቶ በፋርስ በኩል አረብ ደረሰ፣ ወደ ጆርጂያ ሄዶ ክርስቲያን ሆነ፣ ግሪክና ላቲን ገባ። የኛ አባ እንባቆም ደግሞ፣ ያው የመን ተወልደው መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት፣ በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን በ1553 ከአረብኛው ወደ ግዕዝ መለሱት። ስለዚህ አባቶቻችን የህንድን ልዑል ቅዱስ ብለው ሲያነቡት ኖረዋል ማለት ነው፣ ማንም ህንድ ነው ብሎ ሳይነግራቸው።

የብራና መጻሕፍትንም ተመልከቱ። ገበታውን ስትገልጡት ቆዳው በማይሸፍነው መሃል ላይ ጨርቅ የተለጠፈባቸው አሉ፣ ብዙው ከውጭ የመጣ ነው የህንድም አለበት፣ ምጽዋ ላይ ባንያን የሚባሉት የህንድ ነጋዴዎች በነበሩበት ጊዜ ከጀልባ ወርዶ በሲራራ ነጋዴ እዚህ ድረስ የወጣ። ደብረ ዳሞም ላይ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲም ተገኝቷል፣ ወንድማችን ስለ ሳንቲም ሚዛን ሲጽፍ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

አንድ የሚያበሳጨኝም አለ ልናገረው። ስለ ግዕዝ ጥናት ሲነሳ አባቱ ሉዶልፍ ነው ይባላል፣ ጀርመናዊው፣ አዎ ትልቅ ሰው ነው፣ ግን ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፣ የኛ ሰው ከመካነ ሥላሴ። የህንዱም ያው ነው፣ ዊሊያም ጆንስ የሚባለው እንግሊዛዊ ዳኛ በ1784 ካልካታ ላይ ማህበር አቋቁሞ ሳንስክሪት ከግሪክና ከላቲን ጋር ዘመድ ነው ብሎ ዓለምን አስገረመ፣ ሳንስክሪቱን ግን ከፓንዲቶቹ፣ ከህንዶቹ ሊቃውንት፣ ነው የለቀመው። የኔታ ከሌሉ ሊቁ ከየት ይመጣል። እህታችን ከሄድሽ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያሉትን የኔታዎችም ፈልጊ፣ እዛም ቃል በቃል በቃሉ የሚያስቀጽል ትምህርት ቤት አለ፣ ቬዳውን፣ የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፋቸውን፣ ወደፊትም ወደኋላም እያገላበጡ ይወርዱታል።


ሬጅስትራር ሰልፍ፦

እኔ ደግሞ ወደ ምድር ላውርዳችሁ 😂 ሃሳቡ ካለሽ ወረቀቱን ከአሁኑ ጀምሪ። ኦሪጅናል ዲግሪ ለማውጣት ኮስት ሼሪንግ መጨረስ አለ፣ በቴምፖ ብቻ የሚቀበልሽም የማይቀበልሽም አለ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው የሚላከው ነው፣ አንቺ እጅ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይሆንም። ከዛ ትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ያረጋግጠዋል፣ ውጭ ጉዳይ ማህተም አለው፣ ይሄ ሁሉ አዲስ አበባ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ጉዳይ ሲኖርሽ አብረሽ ጨርሺው።

ስኮላርሺፑ የህንድ የባህል ግንኙነት ምክር ቤት የሚሰጠው ነው፣ አይሲሲአር የሚሉት፣ መውላና አዛድ በ1950 ያቋቋመው። ክፍያውን ይሸፍናል የኪስና የቤት ኪራይ ይሰጣል፣ ማመልከቻው ኦንላይን ነው። የእንግሊዝኛ ጽሁፍ ይጠይቁሻል፣ እዛ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ህንድን እወዳለሁ» ብለሽ እንዳትጀምሪ፣ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚጽፈው። የግንቡን ወይ የቡድሃውን ታሪክ ጻፊ። ፎርሙን ቀድመሽ ወርድ ላይ ሙይና ኔት ሲመጣ ገልብጪው፣ መሃል ላይ ኔት ሄዶ ሁሉንም ያጠፋብሻል።

ቋንቋ ለብቻው ከፈለግሽ ደግሞ አግራ ከተማ ያለው የሂንዲ ማዕከላዊ ተቋም ለውጭ ተማሪ ሂንዲ ያስተምራል፣ ታጅ ማሃል ያለበት ከተማ ነው ለእናትሽ ንገሪያት ደስ ይላታል።


ማራኪ ልጅ፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እንዲህ ትመልሳላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። @ግንብ ስር ግቢው በር ላይ መጥቼ እከራከርሃለሁ 😅 @ዘቁስቋም መጽሐፉን ለማየት ማንን ላናግር በኢንቦክስ ይንገሩኝ።

ጋሼ @ከዴልሂ የተመለሰ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርብዎ። መጀመሪያ ላይ «እኛ ጋር የማውቀው ነገር» ያልኩት ጠይብ የሚባለውን ነው። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሰሪ፣ ሸማኔ፣ ቡዳ ነው እየተባለ ልጁን እንዳያየው የሚደበቅበት፣ ጋብቻ የማይታሰብበት። እዚህ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሸክላ ስንገዛ አያቴ የምትለኝን አስታውሳለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። ይሄን ከካስት ጋር አነጻጽሬ ብሰራ ያስኬዳል? ወይስ ሁለቱ አይገናኙም?


ከዴልሂ የተመለሰ፦

ያስኬዳል፣ ግን «ካስት እኛም አለን» ብለሽ ከጀመርሽ ገና በሩ ላይ ነው የሚመልሱሽ። ሶስት አራት የሚለያይ ነገር አለ። እዛ ጃቲ የሚባለው፣ ሰው የሚወለድበት የካስት ቡድን፣ ከላይ እስከታች ሁሉንም ሰው ይይዛል፣ ቄሱም ነጋዴውም ገበሬውም የራሱ አለው፣ በብዙ ሺህ ይቆጠራል። እኛ ጋር አብዛኛው ሰው ውጭ ሆኖ ጥቂቱ ነው የሚገለለው። እዛ የተጻፈ የሃይማኖት ህግ አለው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ህገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 አለመነካካትን፣ አንዳንዱን ወገን «አይነካም» ብሎ ማግለልን፣ በግልጽ ሰርዞታል፣ በትምህርትና በመንግሥት ሥራ ኮታም አለ። እኛ ጋር የሚሰረዝ ህግም የለም የሚሰጥ ኮታም የለም፣ ሁሉም ነገር በሹክሹክታ ነው ያለው፣ ለጥናት ይሄ ነው የሚከብደው።

መጀመሪያ የምታነቢው አምቤድካርን ይሁን። ራሱ ከማይነኩት ወገን የተወለደ ነው፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተማረ፣ ለንደን ደግሞ ኢኮኖሚክስም ህግም፣ በኋላ የህገ መንግሥቱ አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ፣ በ1956 ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋር ቡድሂስት ሆነ (ዘቁስቋም ይሄን ይወዱታል)። ገና ተማሪ ሳለ በ1916 አንትሮፖሎጂ ሴሚናር ላይ ባቀረበው ጽሁፍ የካስት ፍሬ ነገሩ ሥራውም ንጽህናውም አይደለም፣ ጋብቻው ነው አለ። ብዙ ህንዶች ዘር ቆጥረው ከቅርብ ዘመድ አይጋቡም፣ በዛው ላይ ደግሞ ከጃቲያቸው ውጭ አይጋቡም፣ ሁለተኛው ህግ በመጀመሪያው ላይ ሲጫን አጥር ይሆናል። አሁን ወደ ጎንደር ነይ። እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ማን ከማን እንዳይጋባ። እስከ ሰባት ቤት ስትወጪ ዘርሽ ሩቅ ድረስ ይበተናል፣ ሁሉም ከሁሉም ይጋባል ማለት ነው፣ ጠይቡ ግን እዛ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። ሽማግሌ ተልኮ «ዘሩ ይጣራ» ሲባል በትክክል ምን ነው የሚጣራው? እኔ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው፣ ከቡዳው ሳይሆን ከሽማግሌዎቹ።

መሬቱንም አትርሺ። በአጼ ይስሐቅ ጊዜ «ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ» የሚል አዋጅ ወጣ ይባላል፣ ቤተ እስራኤሉ ከርስት ሲወጣ ብረትና ሸክላ ላይ ዋለ፣ ከዛ እጅ ሥራው ራሱ መሰደቢያ ሆነ። ወለቃ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄደዋል፣ ሸክላው ግን አሁንም እየተሰራ ነው። ማን ነው የሚሰራው፣ ስድቡስ አብሮ ሄደ ወይስ ለአዲሷ ሸክላ ሰሪ ተላለፈ? ይሄ ጥያቄ አንድ ማስተርስ ይበቃዋል። ህንድን የምትማሪው ይሄን የምትጠይቂበት አይን ለማግኘት ነው፣ መልሱን እዛ አታገኚውም።

ፊልድ ስትወጪ ኖትሽን ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጪ። ሽሪኒቫስ፣ ዴልሂ የሶሺዮሎጂ ዲፓርትመንቱን የመሰረተው፣ በ1948 ማይሶር አካባቢ አንድ መንደር ገብቶ ያጠናውን ለዓመታት ሲያቀናብር ቆይቶ በ1970 ስታንፎርድ ሆኖ ሊጽፍ ሲል ቢሮው በእሳት ተያያዘ። የቀረውን ከአእምሮው ጽፎ በ1976 አወጣው። መጽሐፉ አሁንም ይነበባል ግን አንቺ እንደሱ ላታስታውሺ ትችያለሽ።


የአዘዞው፦

እሺ ተሸነፍኩ ትሂድ። የጾሙን ነገር ግን ማንም አልነገራትም። ሁዳዴን እዛ ምን ትበላለች፣ ህንድ ሁሉ አትክልት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።


ከዴልሂ የተመለሰ፦

ሃሃ ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው። አትክልት ነው ግን የኛ ጾም አይደለም፣ «ቬጅ» ሲሉሽ ስጋና እንቁላል የለም ማለት ብቻ ነው፣ ወተቱ፣ እርጎው፣ አይቡ፣ ቅቤው አለ። ምስሩ ላይ ሳይቀር ጊ ያፈሱበታል፣ ጊ ማለት ያው የተነጠረ ቅቤ ነው። ስለዚህ ሆስቴል ሜስ (መመገቢያ) ውስጥ አብሳዩን ቀድመሽ ተዋወቂውና ዳሉን (የምስር ወጡን) ያለ ጊ እንዲለይልሽ ንገሪው፣ ሮቲውንም (ቂጣውን) ሳይቀባ እንዲሰጥሽ። ደቡብ ህንድ ከደረሰሽ ደግሞ ምንም አታስቢ፣ ዶሳና ኢድሊ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ ተቦክቶ ነው የሚሰራው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ሳምባር የሚባለውን የጥራጥሬ ወጥ ሲጨምሩበት ደህና ነው፣ ዶሳውን ግን በቅቤ የሚጋግሩ አሉና በዘይት በይ። በርበሬሽን ከቤት ያዢ።